ከእይታ ውጭ የአየር ውጊያ

ከእይታ ውጭ የአየር ውጊያ ተዋጊ አውሮፕላኖች በዓይን ሳይተያዩ በራዳርና በሚሳይል የሚያደርጉት ውጊያ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ37 ኪሎሜትር (20 የባሕር ማይል) በላይ በሆነ ርቀት የሚካሄደው ውጊያ በዚህ ስም ይጠራል። በኢትዮጵያ ይህ ዓይነቱ ውጊያ የታወቀው በ1990–1992 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ነው። በዛሬው ጊዜ ስልቱን በርካታ ሰዎች በኢንተርኔት በሚያገናኙ የበረራ ሲሙሌተሮች ይለማመዱታል።

አሠራር

የውጊያው መሠረት ራዳር ነው። ራዳሩ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ከዒላማው ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ሞገድ በመለካት የዒላማውን ርቀት፣ አቅጣጫና ፍጥነት ያሰላል። በዚህ መረጃ የሚመሩት ሚሳይሎች በሁለት ዋና ዓይነቶች ይከፈላሉ።

• ከፊል ንቁ ሚሳይል፦ የራሱ ራዳር የለውም። የተኮሰው አውሮፕላን ሚሳይሉ እስኪመታ ድረስ በራዳሩ ዒላማውን ማብራት አለበት። የሶቪየት ሥሪት የሆነው አር-27አር ከዚህ ወገን ነው።
• ንቁ ሚሳይል፦ በአፍንጫው ትንሽ ራዳር አለው። ወደ ዒላማው ሲቃረብ ራሱን ስለሚመራ አብራሪው ቀድሞ መመለስ ይችላል። የአሜሪካው ኤይም-120 እና የሩሲያው አር-77 ምሳሌዎች ናቸው።

የሚሳይሉ ሞተር የሚነደው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሚሳይሉ በያዘው ፍጥነት ይንሸራተታል፤ አየሩም ያዘገየዋል። ስለዚህ በመግለጫ ላይ የሚጻፈው ትልቁ ርቀት የሚሠራው ዒላማው ፊት ለፊት እየመጣ ከሆነ ነው። ለምሳሌ፣ በአማካይ በሰከንድ 800 ሜትር የሚበር ሚሳይል ከ40 ኪሎሜትር ቢተኮስና ዒላማው በሰከንድ 300 ሜትር ወደ እርሱ ቢመጣ በ36 ሰከንድ ገደማ ይገናኛሉ። ዒላማው ፊቱን አዙሮ በዚያው ፍጥነት ቢሸሽ ግን 80 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሚሳይሎች ከዚያ በፊት ጉልበታቸውን ይጨርሳሉ።

ዋና ዋና ስልቶች

ከፍታና ፍጥነት፦ ከፍ ብሎና ፈጥኖ የሚበር አውሮፕላን ሚሳይሉን ከመነሻው የበለጠ ጉልበት ይሰጠዋል። በ10,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው አንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ ሚሳይሉ ሩቅ ይሄዳል።

ክራንክ፦ አብራሪው ከተኮሰ በኋላ ዒላማውን ከራዳሩ ዳር ሳያወጣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ወደ ጎን ይታጠፋል። በላይኛው ምሳሌ ተኳሹም በሰከንድ 300 ሜትር በቀጥታ ቢቀጥል ሚሳይሉ ሲመታ ከባላጋራው በ18 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። 60 ዲግሪ ቢታጠፍ ግን ርቀቱ ወደ 24 ኪሎሜትር ይሆናል። ይህ ልዩነት የባላጋራውን ሚሳይል ለማምለጥ ጊዜ ይሰጣል።

ኖች፦ ተከላካዩ የባላጋራው ራዳር ካለበት አቅጣጫ ጎን ለጎን ይበራል። በዚህ ጊዜ ወደ ራዳሩ የመቅረብም ሆነ የመራቅ ፍጥነት ስለማይታይበት፣ በተለይ ከላይ ወደ ታች የሚያይ ራዳር ከመሬት ነጸብራቅ ሊለየው ይቸገራል።

መሸሽ፦ ፊትን አዙሮ ወደ ታች በመውረድ ሚሳይሉ ጥቅጥቅ ባለ አየር ውስጥ ፍጥነቱን እንዲጨርስ ማድረግ ነው።

የደጋው መልክዓ ምድር

መሬቱ ራሱ ስልቱን ይለውጠዋል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ደባርቅ ደግሞ በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በደባርቅ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በሰሜን ጎንደር ደጋ ላይ መሬት ለመሬት የሚሸሽ አውሮፕላን ሚሳይሉን የሚያዘገይለት አየር በምጽዋ ዳርቻ የሚሸሸው ያገኘውን ያህል አይደለም።

በሌላ በኩል ተራሮቹ መደበቂያ ይሆናሉ። የራዳር ሞገድ ተራራ አይሻገርም። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሸንና የስሜን ገደሎች፣ እንዲሁም የተከዜ ሸለቆ፣ ዝቅ ብሎ ለሚበር አውሮፕላን ከለላ ይሰጣሉ። ከለላው ግን ለሁለቱም ወገን ነው፤ የተደበቀውም ባላጋራውን በራዳሩ አያየውም።

በኢትዮጵያ ታሪክ

በ1969–1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኦጋዴን ጦርነት የኢትዮጵያ ኤፍ-5ኢ ተዋጊዎች የሶማሊያን ሚግ-21 እና ሚግ-17 አውሮፕላኖች ገጥመዋል። ኤፍ-5ኢ የታጠቀው ሙቀት ተከታዩን ሳይድዋይንደር ሚሳይልና መድፍ ስለነበር ውጊያው በቅርብ ርቀት የሚካሄድ ነበር። ይሁንና በጅጅጋ አቅራቢያ በካራማራ ተራራ ላይ የነበረው የምድር ራዳር ባላጋራን ቀድሞ የማየትን ጥቅም አሳይቷል።

በየካቲት 1991 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሱ-27 እና የኤርትራ ሚግ-29 ተዋጊዎች በሰሜኑ ግንባር ሰማይ ተጋጠሙ። ሁለቱም ዓይነቶች አር-27ን ለሩቅ፣ ሙቀት ተከታዩን አር-73 ለቅርብ ውጊያ የሚይዙ ነበሩ። የአቪዬሽን ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገልጹት ከተተኮሱት አር-27 ሚሳይሎች አብዛኞቹ ዒላማቸውን ስተዋል፤ ውጤቱ የተወሰነው በአብዛኛው በቅርብ ርቀት ነው። በግጥሚያዎቹ የበላይነቱን የያዙት ሱ-27ዎች ነበሩ።

የሩቅ ሚሳይል መሳት ለዚህ ጦርነት ብቻ የተለየ አይደለም። በቬትናም ጦርነት ከተተኮሱት የአሜሪካ ስፓሮው ሚሳይሎች ዒላማቸውን የመቱት ከአሥር አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከፊል ንቁ ሚሳይል የተኮሰ አብራሪ ራዳሩን ከዒላማው ላይ ማንሳት ስለማይችል፣ ራሱን ለማዳን ከታጠፈ ሚሳይሉ ይባክናል።

በበረራ ሲሙሌተር

በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ፋልከን 4.0 እና ዲሲኤስ ወርልድ የራዳርንና የሚሳይልን ባሕርይ በዝርዝር ለማስመሰል ይሞክራሉ። በዲሲኤስ ወርልድ ውስጥ ኤፍ-5ኢ፣ ሱ-27 እና ሚግ-29 ሁሉም ስለሚገኙ፣ ተጫዋቾች በኢትዮጵያ ሰማይ የተጋጠሙትን የአውሮፕላን ዓይነቶች ማብረር ይችላሉ። የካውካሰስ ተራሮችን የያዘው ካርታም በገደላማ ምድር የመደበቅን ስልት ያስተምራል።

ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ጥንድ ሆነው ይበራሉ፤ አንዱ ተኩሶ ሲመለስ ሌላው ራዳሩን ወደ ባላጋራው አዙሮ ይጠብቀዋል። ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ከትልቁ ርቀት ተኩሰው ውጤቱን ለማየት በቀጥታ በመቀጠላቸው ነው።

ሲሙሌተሩ የማያሳየው ትልቁ ችግር ማንነትን መለየት ነው። በጨዋታ ውስጥ በራዳር ላይ የሚታየው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ተዋጊ ነው፤ በእውነተኛው ሰማይ ግን መንገደኛና የእርዳታ አውሮፕላንም ይበራል። በነሐሴ 1991 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ ይጓዝ የነበረ ሊርጄት የተባለ አነስተኛ የሲቪል አውሮፕላን በኢትዮጵያና በኤርትራ ድንበር አካባቢ በኢትዮጵያ አየር መከላከያ ተመትቶ በውስጡ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሞተዋል። በዚህ ምክንያት የጦር አብራሪዎች ሚሳይሉ የሚደርስበት ርቀት ላይ ቢሆኑም እንኳ ዒላማው ማን እንደሆነ ሳይረጋገጥ እንዳይተኩሱ የሚከለክሉ ደንቦች በብዙ አገሮች ይሠራሉ።