ሩዝ ተሸክሞ የሚዘለው ልጅ

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ወዳጃችን ባለፈው ወር አመሻሽ ላይ ደውሎ «ልጄ ሊያብድብኝ ነው፤ እስቲ ኑና እዩልኝ» አለን። ሄድን። የ17 ዓመቱ ጎረምሳ ባለ 50 ፓውንድ የሩዝ ከረጢት (23 ኪሎ ገደማ) በጀርባ ቦርሳው ከትቶ በመኪና ማቆሚያው ላይ ይዘላል። ለትምህርት ቤቱ ሁለት ማይል ይሮጣል፤ የመጨረሻዎቹ 200 ሜትሮች ላይ ግን ሁልጊዜ ይቀደማል። በዝላይ እግሩን ሊያፈጥን ማሰቡ ትክክል ነው። ስህተቱ ሩዙ ላይ ነው።

በዚህ ጉዳይ እኛም ዕዳ አለብን። እ.ኤ.አ. በ2000፣ ከሲድኒ ኦሎምፒክ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ እናዘጋጀው ለነበረው የመንግሥት ጋዜጣ አንድ የስፖርት ሪፖርተር ከፊንላንድ የወጣ ጥናት ተርጉሞ አምጥቶልን ነበር። የአንድ ባለሥልጣን የጉብኝት ዜና ከነፎቶግራፉ ቦታውን ፈለገውና ጽሑፉን ጣልነው። በዚያው ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ብቻ ነበር። ሪፖርተሩን ዘግይተንም ቢሆን ይቅርታ እንጠይቀዋለን።

ጥናቱ ሊና ፓቮላይነንና ባልደረቦቿ በ1999 ያሳተሙት ነው። ሯጮቹ ለ9 ሳምንታት ከልምምድ ሰዓታቸው 32 በመቶ የሚሆነውን በአጫጭር የፍጥነት ሩጫ፣ በዝላይና በክብደት ሥራ ተኩት። ዝላዩ አንዳንዴ ባዶ ትከሻ፣ አንዳንዴም ብረት ትከሻ ላይ ተደርጎ ነበር። የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸው ተሻሻለ። የሚገርመው ግን ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅማቸው አልጨመረም፤ የተለወጠው እግራቸው መሬቱን የሚገፋበት ቅልጥፍና ነው። ሸክሙም ቢሆን ሯጩ አንዴ ሊያነሣ ከሚችለው ከ40 በመቶ አይበልጥም ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእግር ፍንዳታ ማለት ኃይል በፍጥነት ሲባዛ ነው፤ ሸክሙ ከመጠን ሲያልፍ ፍጥነቱ ይሞታል። 23 ኪሎ ተሸክሞ እየተንገዳገደ የሚነሣ ልጅ የሚለማመደው ቀስ ብሎ መነሣትን ነው። ሲያርፍ ደግሞ ቦርሳው ዘግይቶ ይወርድበታል። ወዳጃችን ሳያውቅ ልጁ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው ጅማት ያመው ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል!

ቦርሳውን አስወለቅነው። ሐኪም ጉልበቱን አይቶ እስኪፈቅድ ዝላይ የለም አልን። ከዚያ በኋላ ያለ ሸክም፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ጉልበቱም ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ ማረፍን ይማር። ይህን ሲችል ከሰውነት የሚጣበቅ ባለ ክብደት ሰደርያ ይልበስ፤ ክብደቱ ከሰውነቱ አንድ አሥረኛ አይለፍ። አምስት ጊዜ በሙሉ ፍጥነት ዘሎ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይረፍ። የሚዘለው ከፍታ ሲቀንስ የዚያን ቀን ሥራ ያቁም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃዋል።

አባትዬው አልተዋጠለትም። «አምስት ዘሎ መቀመጥ ደግሞ ምን ዓይነት ስፖርት ነው?» አለ። ላብ ካልፈሰሰ ሥራ የማይመስለው የእኛ ትውልድ ሰው ነውና አልፈረድንበትም። እናትየዋ ግን ሩዙን ወደ ማድቤት መለሰች፤ ግማሹ ተሰባብሯል ብላ ከልጇ ጋር እስካሁን አልታረቀችም።