ስም ሲገዙ ዕዳውን ይመርምሩ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን የተናገሩት አባቶቻችን ኢንተርኔትን አላዩም፤ ቃላቸው ግን ዛሬ ለድረ ገጽ ስምም ይሠራል። ባለቤቱ ትቶት የሄደ፣ ክፍያው ያልታደሰ ስም ከነዝናው ወይም ከነነውሩ ገበያ ላይ ይውላል። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም ለንግድዎ፣ ለማኅበርዎ ወይም ለጽሑፍዎ የሚሆን ድረ ገጽ ለመክፈት አስበው ይሆናል። ጥሩ አሮጌ ስም አገኘሁ ብለው ከደመወዝዎ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን ያንብቡ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የነገሩን ሥርዓት እንመልከት። ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። ቁጥር ለማስታወስ ስለሚያስቸግር፣ በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ቁጥሩን በስም የሚተካ ሥርዓት አወጣ። ዶሜይን የሚባለው ይህ ስም ነው። ዶሜይን ግን እንደ ርስት ለዘለዓለም አይያዝም፤ እንደ ቤት ኪራይ በየጊዜው ይከፈልበታል። በ«ዶት ኮም» የሚያልቅ ስም ሳይታደስ ቢቀር እስከ 45 ቀን የሚደርስ የማሳደሻ ጊዜ፣ ቀጥሎ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ፣ በመጨረሻም 5 ቀን የመሰረዣ ጊዜ አለው። ከዚያ በኋላ ለፈለገው ሁሉ ክፍት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ አስቀድሞ በጨረታ ይሸጣል።

ታዲያ አዲስ ስም በጥቂት ገንዘብ ሲገኝ አሮጌውን የሚሹት ለምንድን ነው? በ1998 የተቋቋመው ጉግል አንድን ገጽ የሚመዝነው በገጹ ቃል ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ገጾች ወደ እርሱ በሚያመለክቱበት ሊንክም ጭምር ነው። ሊንክ እንደ ምስክር ይቆጠራል። አሮጌ ስም ብዙ ምስክር ስላለው፣ አንዳንዶች ይህን ምስክርነት ለመውረስ ሲሉ ይገዙታል። «ዘ ሄርፒን» የተባለው የአሜሪካ ሴቶች ድረ ገጽ ከ2010 እስከ 2018 ከሠራ በኋላ ተዘጋ። ስሙ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ገጹ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በተጻፉ ተራ ጽሑፎች መሞላቱ በ2024 ተገለጠ። በዚያው ዓመት በማርች ወር ጉግል ጊዜው ባለፈበት ስም አላግባብ መጠቀምን የሚከለክል ደንብ አወጣ። ከጠቀሳቸው ምሳሌዎች አንዱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በነበረ ስም የቁማር ጽሑፍ ማውጣት ነው። እንደ እኔ ላለ አስተማሪ ከዚህ የባሰ ምሳሌ የለም፤ ልጅ የትምህርት ቤቱን ስም ከፍቶ ቁማር ቤት ይገባል ማለት ነውና።

የጉግል ቅጣት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሠራተኛ የግል ማኅደር ውስጥ እንደሚገባ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የድርጅቱ ሰው ገጹን መርምሮ፣ ጥፋቱን ጠቅሶ ይወስናል፤ ለባለቤቱም ያስታውቃል። ሁለተኛው አለቃው ምንም ሳይጽፍ እምነት እንደ ነሣው ሠራተኛ ነው፤ ደብዳቤ የለም፣ ክስ የለም፣ ዕድገት ግን አይደርሰውም። ይህን የሚያደርገው የሒሳብ ቀመር ነው። በ2012 የወጣው «ፔንግዊን» የተባለው ቀመር በተገዛ ሊንክ የከበሩትን ገጾች ወደ ታች ጥሏቸዋል። ክፋቱ ቅጣቱ የሚያርፈው በስሙ ላይ መሆኑ ነው፤ አጥፊው ሲሄድ ዕዳው ለገዢው ሊቀር ይችላል። ገዢውም ወራት ሙሉ ደክሞ የጻፈውን የሚያገኘው ሰው ያጣል።

እንግዲህ ምርመራውን እንዴት ያካሂዱታል?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ከታሪኩ ይጀምሩ። በ1996 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭ የድረ ገጾችን ቅጂ ያስቀምጣል፤ «ዌይባክ ማሽን» የተባለውን መዝገቡን ከ2001 ጀምሮ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ያያል። ስሙን ጽፈው ዓመት በዓመት ይመልከቱ። የዳቦ ቤት የነበረው ገጽ በድንገት ስለ ውርርድ ማውራት ከጀመረ ወይም ቋንቋው ጨርሶ ከተለወጠ ይጠንቀቁ።

ሁለተኛ፣ በጉግል መፈለጊያ ላይ «ሳይት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃልና ሁለት ነጥብ አስቀድመው ስሙን አያይዘው ይጻፉ። ገጹ ሥራ ላይ ሳለ አንድም ውጤት ካልመጣ አሳሳቢ ነው። ነገር ግን አይቸኩሉ፤ ለብዙ ጊዜ ባዶውን የቆየ ስም ያለ ጥፋቱም ከመዝገብ ይወጣል። ስለዚህ ይህ ማስረጃ ከሌሎቹ ጋር ይመዘን።

ሦስተኛ፣ ምስክሮቹን ይመርምሩ። እንደ «ማጀስቲክ» ያሉ መሣሪያዎች ወደ ስሙ የሚያመለክቱትን ሊንኮች ይዘረዝራሉ። ስሙ የትምህርት ቤት ሆኖ ሊንኮቹ የተጻፉባቸው ቃላት ስለ ቁማርና ስለ ብድር ከሆኑ፣ ምስክሮቹ የሐሰት ሳይሆኑ አይቀሩም።

አራተኛ፣ ስሙ ሰውን በማይፈለግ ኢሜይል በማስቸገር ተመዝግቦ እንደሆነ በ«ስፓምሐውስ» መዝገብ ይጠይቁ። ይህ የጉግል ቅጣት ባይሆንም የቀድሞውን ባለቤት ጠባይ ይነግርዎታል።

አምስተኛውና ዋናው ይህ ነው። ጉግል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያውን የሚያሳየው «ሰርች ኮንሶል» በተባለው ክፍል፣ ባለቤትነቱን ላረጋገጠ ሰው ነው። የሚገዙት ከባለቤቱ እጅ ከሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ያንን ገጽ ከፍቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት፤ እምቢ ካለ ውሉን ይተዉት። በጨረታ ከገዙ ግን ማየት የሚችሉት ስሙ በእጅዎ ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቅጣት ቢያገኙ ጥፋቱን አርመው እንደገና እንዲታይልዎ ማመልከት ይችላሉ። ቀመሩ የጣለውን ስም ግን ማመልከቻ አያነሣውም፤ ጥፋቱን አርሞ በትዕግሥት ጥሩ ሥራ መሥራት ያስፈልጋል።

ጉግል አሮጌ ስም መግዛትን አልከለከለም። ለሰው የሚጠቅም አዲስና የራስ የሆነ ሥራ ከተሠራበት ደንቡ ይፈቅዳል፤ የከለከለው የሌላውን ዝና ለብሶ መነገድን ነው። ስለዚህ መርምረው ንጹሕ ሆኖ ካገኙት ይግዙት፤ ጥርጣሬ ካደረብዎ ግን አዲስ ስም ይምረጡ። አዲስ ስም ምስክር ባይኖረውም ከሳሽ የለውም። የትምህርት ቤትዎ ወይም የመሥሪያ ቤትዎ ድረ ገጽ በእርስዎ ኃላፊነት ሥር ከሆነም የማሳደሻውን ቀን ዛሬውኑ በመዝገብ ያስፍሩት፤ ቀኑ ካለፈ ያንን ስም ማን እንደሚገዛው አይታወቅም።