ጎብጣ የምትጽፍ ሞላ

የእስክሪብቶ ሞላ አውጥተው ጫፍና ጫፏን በሁለት ጣትዎ ይያዙና ቀስ እያሉ ይጫኗት። መጀመሪያ ትታገላለች፤ ከዚያ በአንድ ቅጽበት ወገቧ ይከዳትና ወደ ጎን ትጎብጣለች። የአይቢኤም መሐንዲስ የነበረው ሪቻርድ ሃሪስ ይህችን ቅጽበት የኮምፒውተር ቁልፍ አደረጋት፤ አንደኛው ፓተንቱ እ.ኤ.አ. በ1978 ጸደቀለት። የድሮ ኪቦርድ የሚሰበስቡ ሰዎች ዛሬም ይህችን ሞላ ያሳድዳሉ።

ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንዲት ሞላ ቆማለች። ስትጎብጥ እግሯ ሥር ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ታዘነብላለች፤ ጎኗም ዙሪያዋን ከያዘው ግድግዳ ጋር ይጋጫል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፊደሉም የሚመዘገበው ያን ጊዜ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ዛሬ በየቢሮው በምናየው ርካሽ ኪቦርድ ውስጥ ያለው የጎማ ጉልላት ነው፤ እስከ ታች ካልደፈጠጡት ፊደሉ መጻፉን ጣት በእርግጠኝነት አያውቅም። በሞላዋ ግን ጣትም ጆሮም ማሽኑም እኩል ያውቃሉ። ዓይኑን ከረቂቁ ላይ ሳያነሳ ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም።

ሞላዋ በሁለት ዓይነት ኪቦርድ ትታወቃለች። ሞዴል ኤፍ እ.ኤ.አ. በ1981 ከወጣው ከመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ጋር ይሸጥ ነበር። መዶሻዋ ስታዘነብል ከሥሯ ያለው ሰሌዳ የኤሌክትሪክ ሙል የመያዝ አቅሙ ይለወጣል፤ ማሽኑ የሚያነበው ይህን ለውጥ ነው። ብረት ከብረት ስለማይነካካ የሚዝግ ወይም ተፍቆ የሚያልቅ መገናኛ የለውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣው ሞዴል ኤም ሞላዋን ይዞ ሰሌዳውን በርካሽ የፕላስቲክ ንጣፎች ተካው። ዛሬ የምንጠቀምበትን የቁልፎች አደራደር ያስለመደው ባለ 101 ቁልፉ ሞዴል ኤም ነው፤ ውለታው ትልቅ ነው። ለጣት ግን ሞዴል ኤፍ ይበልጣል፤ ቀለል ይላል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው።

ከሁለቱ በፊት አይቢኤም በትልልቅ ኮምፒውተሮች ተርሚናል ላይ የሚገጥመው ሌላ ቁልፍ ነበረው፤ በእሱ ውስጥ የምትገለበጠው ስስ የብረት ቅጠል ናት። በአንዳንዶቹ ተርሚናሎች ውስጥ ደግሞ የጽሕፈት መኪና ለለመደ ጆሮ ተብሎ፣ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ቀፎውን የሚመታ የኤሌክትሪክ መዶሻ ተገጥሞ ነበር። በኢሊኖይ፣ ፍሪፖርት የነበረው የሃኒዌል ክፍል ማይክሮ ስዊች ደግሞ በማግኔት የሚሠራ ቁልፍ ፈለሰፈ፤ ማግኔቱ ሲቀርብ ሴሚኮንዳክተሩ ያውቃል፣ ንክኪ አያስፈልገውም።

ሰብሳቢ የሚያገኛቸው ኪቦርዶች አብዛኞቹ ሕመምተኞች ናቸው። በሞዴል ኤፍ ሆድ ያለው ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት ይፈረፈራል፤ ከፍቶ፣ ጠርጎ፣ አዲስ ቆርጦ ማስገባት ግድ ነው። የሞዴል ኤም ቅጠል ብረትና ፕላስቲክ የተያያዙት በፕላስቲክ ችንካሮች ነው፤ እነሱ አንድ በአንድ እየተቆረጡ ሲወድቁ ቁልፎቹ ይላላሉ። መድኃኒቱ ችንካሮቹን ፍቆ፣ በየቦታቸው ቀዳዳ በስቶ ትንንሽ ብሎን ማሰር ነው። ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ሲያልቅ ግን ኪቦርዱ ፋብሪካው ካሰረው በላይ ይጠነክራል። የጥንቱ ሶኬት ከዛሬ ኮምፒውተር ጋር ስለማይገጥም መሃል ላይ አንዲት ትንሽ መለወጫ ትገባለች።

የሞላዋ ሥራ አልተቋረጠም። በአሜሪካ ኬንታኪ የሚገኘው ዩኒኮምፕ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሞዴል ኤምን ዘር እያመረተ ነው።

እርስዎም ከቢሮ መጋዘን ወይም ከአሮጌ ዕቃ መሃል ክብደቱ 2 ኪሎ ገደማ የሆነ ኪቦርድ ቢያገኙ፣ ከመጣልዎ በፊት ገልብጠው ጀርባውን ይዩት። የአይቢኤም ከሆነ የተሠራበት ቀን ብዙ ጊዜ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ከዚያ አንድ ቁልፍ ይጫኑ፤ «ቀጭ» ካለ አይጣሉት።