ተጨማሪ መረጃ፦ የካሊፎርኒያ የትምህርት በጀት እንዴት ይጸድቃል?

በአሜሪካ ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚውለው ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው ከክፍለ ግዛቶችና ከአካባቢ አስተዳደሮች ነው። የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ1988 እ.ኤ.አ. በድምፅ ያጸደቀው ‹‹ፕሮፖዚሽን 98›› ለትምህርት ቤቶችና ለኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ዝቅተኛውን የበጀት መጠን በሕገ መንግሥት አስከብሯል። ይህም በአብዛኛው ከክፍለ ግዛቱ አጠቃላይ ፈንድ 40 በመቶ ገደማ ይሆናል።

• እስከ ጃንዋሪ 10፦ አገረ ገዢው ረቂቅ በጀቱን ያቀርባል።

• ቀጥሎ፦ 80 አባላት ያሉት የታችኛው ምክር ቤትና 40 አባላት ያሉት ሴኔት በየንዑስ ኮሚቴዎቻቸው ረቂቁን ይመረምራሉ። የክፍለ ግዛቱ የትምህርት መምሪያ ኃላፊዎች ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ወላጆችና መምህራንም ቀርበው ሐሳባቸውን ይሰጣሉ።

• እስከ ሜይ 14፦ አገረ ገዢው አዲሱን የግብር ገቢ ግምት ይዞ ረቂቁን ያሻሽላል።

• እስከ ጁን 15፦ ሁለቱም ምክር ቤቶች በጀቱን በአብላጫ ድምፅ ያሳልፋሉ። ከዘገዩ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በጸደቀው ሕግ መሠረት አባላቱ ለዘገዩበት እያንዳንዱ ቀን ደመወዛቸውን ያጣሉ።

• ፊርማ፦ አገረ ገዢው ከመፈረሙ በፊት የተመደበን ገንዘብ መቀነስ ወይም መሰረዝ ይችላል፤ መጨመር ግን አይችልም። ምክር ቤቶቹ ቅነሳውን ለመሻር የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋቸዋል።

አዲሱ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። የመምህራን ቅጥር፣ የመጻሕፍት ግዢና የተማሪዎች ምገባ በዚህ ውሳኔ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ፣ ሂደቱን መከታተል የእያንዳንዱ ዜጋ ጉዳይ ነው።

ለውይይት፦ የክልላችሁ ምክር ቤት የትምህርት በጀት ሲያጸድቅ ወላጆች ሐሳባቸውን በየትኛው ደረጃ ቢሰጡ የተሻለ ይሆናል? ለምን?