አዲስ ቤትና የጎረቤት ግቢ

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ያሳደጋት አዳማ ቦታዋ እየጠበበ ሲሄድ፥ ሰው ቤቱን ወደ ላይ መሥራቱ የማይቀር ነው። ይህ የሚያስነሣው ጭቅጭቅ ምን እንደሚመስል የሚታየው ግን በሐረር ጁገል ነው። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ በግንብ የታጠረ ከተማ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ፥ ፊታቸውንም ወደ ውስጥ ግቢ የመለሱ ናቸው። በዚያ መካከል አንዱ ፎቅ ሠርቶ መስኮት የከፈተ እንደ ሆነ፥ ሴቶች የሚሠሩበትና ልጆች የሚጫወቱበት የጎረቤቱ ግቢ ለዐይን ይጋለጣል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለቤት በመብቱ ሲሠራ ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዛል። ጢስን፥ ጥቀርሻን፥ ክፉ ሽታን፥ ድምፅንና መንቀጥቀጥን በስም ይጠራል እንጂ ከላይ የሚመለከት መስኮትን በዚህ ቁጥር አያነሣም፤ ሆኖም እነዚህን ስለ ጠቀሰ ሌላውን ጉዳት ፈቅዷል አይባልም።

ዘመናዊ ቤት መሥራት ነውር አይደለም፤ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ኑር ተብሎ የሚገደድ የለም። ነገር ግን ፈቃድ ሰጪው ሹም ፕላኑን ብቻ ተመልክቶ ማኅተም ከማሳረፉ አስቀድሞ፥ ጎረቤቱን አስጠርቶ መስኮቱ ወዴት እንደሚከፈት ቢያሳየው መልካም ነው። በአዳማም ቢሆን ይህ መደረግ ያለበት መሠረቱ ሳይቆፈር ነው።