ሽሮ ሜዳን ሲያልፍ የሚጠፋው ቮልስ

አጎቴ የ1971 ሞዴል ቮልስ አለው። ከተማ ውስጥ ምንም አይለውም፤ ከፒያሳ ሳሪስ፣ ከሳሪስ መገናኛ ያለ ኮሽታ ይመላለሳል። እንጦጦ ማርያምን ልሳለም ብሎ ሽቅብ ሲነዳው ግን ሽሮ ሜዳን አልፎ ዳገቱ ጠና ሲል ጉልበቱ ይከዳዋል። ሁለት ሦስቴ ይንተፋተፍና ይጠፋል። ዳር ይዞ ትንሽ ካሳረፈው ምንም እንዳልነበረ ይነሳል፤ ጥቂት ሄዶ ደግሞ ያው ነው።

መካሪ አልታጣም። አንዱ ካንዴላ ነው አለ፤ ተቀየረ። ሌላው ካርቡሬተሩ ቆሽሿል አለ፤ ተፈቶ ታጠበ፣ ቀዳዳዎቹም በአየር ተነፉ። አንድ ጋራዥ በበኩሉ «ፓምፑ ደክሟል» ብሎ አዲስ ገጠመለት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለትና ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ጀመረ፤ ዳገት ላይ መጥፋቱን ግን አልተወም። ዕቃ እየቀያየሩ መሞከር ምርመራ አይደለም ብል ሙያው የሌለኝ ደፋር እባላለሁ፤ ቢሆንም አይደለም።

በመጨረሻ የሰፈራችን ልጅ የሆነ አንድ መካኒክ ተጠራ። ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀ፦

«ጋሼ፣ ሲጠፋ ድንገት ነው ወይስ እየደከመ?»

«እየደከመ።»

ድንገት ቀጥ ቢል ኖሮ ኤሌክትሪኩን ይጠረጥር ነበር። እየተንተፋተፈ የሚሞት ሞተር ግን ብዙ ጊዜ ነዳጅ ያጠረው ነው። «እንግዲያው ግቢ ውስጥ አናገኘውም። የሚጠፋበት ቦታ ይውሰዱኝ» አለ። እኔም ኋላ ወንበር ላይ ተጨምሬ ወጣን።

እንደ ልማዱ ጠፋ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ የኋላውን ክዳን ከፍቶ የአየር ማጣሪያውን አነሳና በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ቁልቁል እያየ የቤንዚን መስጫውን በእጁ ሳብ አደረገ። በደኅናው ቀን እንዲህ ሲደረግ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ወደ ውስጥ ይረጫል። ምንም አልተረጨም፤ የካርቡሬተሩ ቋት ደርቋል። በዚህች ሙከራ ብቻ ካንዴላውም ኮይሉም ከክሱ ነፃ ወጡ።

ቤንዚኑ ከታንክ ተነስቶ ካርቡሬተር ሳይደርስ የት ቀረ? ሦስት ተጠርጣሪዎች ነበሩ፤ ሦስቱም መኪናው ሲያርፍ የሚሻሉ መሆናቸው ነው ሰውን የሚያሳስተው። አንደኛው ሙቀት ነው። ፓምፑ ከበስተኋላው ባዶ ቦታ ይፈጥራል እንጂ ቤንዚኑን ወደዚያ የሚገፋው የውጭው አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ግፊቱ ሲያንስ ቤንዚን በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በጋለ ቱቦ ውስጥ እንፋሎት ይሆንና ፓምፑ የሚገፋው ያጣል። ሁለተኛው የታንኩ መተንፈሻ መደፈን ነው፤ ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ ታንኩ ቤንዚኑን ይዞ ያስቀራል። ሦስተኛው በታንኩ መውጫ ወንፊት ላይ ተስቦ የሚለጠፍ፣ መሳቡ ሲቆም የሚራገፍ ዝገትና ደለል ነው።

ጨርቅ በውሃ ነክሮ ፓምፑና ቱቦው ላይ ጠመጠመ። ለውጥ የለም። የታንኩን ክዳን ከፈተ፤ መተንፈሻው ተደፍኖ ቢሆን አየር «ፍስስ» ብሎ ይገባ ነበር፤ ምንም አልተሰማም። ሁለቱ ወደቁ።

ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መኪናውን በጎን ማየት ጀመረ። አጎቴ ያረፈ መስሎት ትዕግሥቱ አለቀ። ልጁ ግን የዳገቱን ነገር እያሰላሰለ ኖሯል። ላዳ ቢሆን ኖሮ ታንኩ ከኋላ፣ ፓምፑ ከፊት ስለሆነ ዳገት ላይ ቤንዚኑ ሽቅብ መሳብ አለበት፤ ደካማ ፓምፕ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ቮልስ የተገላቢጦሽ ነው። ታንኩ ከፊት ነው፤ አፍንጫው ሽቅብ ሲዞር ታንኩም ከፍ ይልና ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይወርዳል። ዳገቱ ፓምፑን ያግዘዋል እንጂ አያደክመውም! ስለዚህ ችግሩ የመሳብ አቅም ሳይሆን የመንገድ ጥበት መሆን አለበት። ለከተማ ዝግታ የሚበቃ፣ ሞተሩ ብዙ ሲጠጣ ግን የማይበቃ ጥበት።

ከኋላው ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ ፈታ፤ ቤንዚን ሊደፋ ነውና። ከመኪናው ሥር ገብቶ ከታንኩ በወለሉ መሐል የሚመጣው የብረት ቧንቧ የሚያልቅበትን ፈልጎ የተያያዘውን ጎማ ነቀለ። ቤንዚኑ ጠርሙሱ ውስጥ እየተንዠቀዠቀ ወረደ። ታንኩ ደኅና፣ ወንፊቱ ደኅና፣ ቧንቧው ደኅና። ጎማውን መልሶ ሰካና ሌላውን ጫፍ ከፓምፑ ላይ ነቀለ። እዚህ ጠብ፣ ጠብ ብቻ። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ አጭር የጎማ ቱቦ ነው። በጣቶቹ ጨመቅ ጨመቅ ሲያደርገው በአንድ ጊዜ ለቀቀውና እጁን አለበሰው።

በምላጭ ሰነጠቀው። ከውጭ የለበሰው የክር ጥልፍ እንኳ አልተነካም። ውስጡ ግን በቤንዚን ብዛት አብጦ፣ አንዱ ንጣፍ ተልጦ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ሞተሩ በኃይል ሲስብ ምላሱ ተስቦ መንገዱን ይዘጋል፤ መሳቡ ሲቆም ይመለሳል። የማረፉ ፈውስ ይኸው ነበር። ማርሽ ሳጥኑ አጠገብ ተሸሽጎ የሚያልፍ ስለሆነ መኪናው ሥር ላልተኛ ሰው አይታይም፤ ቮልስ የሚያውቁ ይህን ጎማ የሚፈሩት ግን ከመዘጋቱ ይልቅ ተሰንጥቆ የጋለ ሞተር አጠገብ ቤንዚን ሊያፈስ ስለሚችል ነው። ታንኩ ሥር ያለውንም ጎማ ጨምሮ ለቤንዚን በተሠራ ቱቦ ቀየራቸው። የውሃ ጎማ እንዳይሞክሩ አጎቴን አደራ ብሎ፣ ሞተሩን አስነስቶ የሚያንጠባጥብ አለመኖሩን በእጁ ዳሰሰ።

ማርያም ደጃፍ ደርሰን ስንመለስ ስለ ጠዋቱ ሽታ ጠየቀ። ፓምፑ የሚሠራው ሞተሩ በሚገፋው ዘንግ ነው፤ የግፊቱ ልክ የሚስተካከለው ከፓምፑ ሥር በሚነጠፈው የጋስኬት ውፍረት ነው። ሳይለካ የተገጠመው አዲሱ ፓምፕ ከልክ በላይ እየገፋ ካርቡሬተሩን ያጥለቀልቀዋል።

«አሮጌውን አልጣሉትም አይደል፣ ጋሼ?»

አጎቴ ዕቃ አይጥልም። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ፓምፕ ከፊት ኮፈኑ ሥር አወጣ። ልጁ መግቢያውን በአውራ ጣቱ ደፍኖ ክንዱን ሁለት ሦስቴ ተጫነ፤ ጣቱን ጥብቅ አድርጎ ሳበው።

«ይሄ እኮ ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ለአዲሱ የከፈልኩት?»

«እሱን የገጠሙልዎትን ይጠይቁ። የእኔ ሂሳብ የጎማዎቹ ብቻ ነው።»