ሰው በላው ማን ነው? ስለ ሻርክ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታው

ሻርክ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት ደም አሽትቶ ሰው የሚያሳድድ አውሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ» ፊልም ይህን ፍርሃት ባሕር አይቶ ለማያውቅ ሰው ሳይቀር አድርሶታል። እውነታው ሌላ ነው። በመላው ዓለም ሰው ሳይተነኩሳቸው ሻርኮች የሚነክሱት በዓመት ከ60 እስከ 70 ያህል ሰው ነው፤ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አይበልጥም። ከ500 በላይ ከሆኑት ዝርያዎች መካከል ግዙፉ ዌል ሻርክ እዚሁ ጎረቤታችን ጅቡቲ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በየዓመቱ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ይታያል። ምግቡ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው፤ ጎብኚዎችም አጠገቡ ይዋኛሉ።

«ሻርክ ካንሰር አይዘውም» የሚለው እምነት ግን ከፍርሃቱ ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ የታመመ ሰው ተስፋ ተነግዶበታልና። ዊሊያም ሌን የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1992 በዚሁ ርዕስ መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ፣ የሻርክ ልም አጥንት እየተፈጨ በካፕሱል በብዛት ተሸጠ። መነሻው ከሳይንስ የራቀ አልነበረም፦ ዕጢ ለማደግ አዳዲስ የደም ሥሮች ያስፈልጉታል፤ ልም አጥንት ደግሞ የደም ሥር እድገትን የሚገቱ ነገሮች አሉት። ነገር ግን በቤተ ሙከራ የታየው በሕሙማን ላይ አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ ይፋ የሆነ የሳንባ ካንሰር ጥናት እንዳሳየው፣ የሻርክ ልም አጥንት ጭማቂ የተሰጣቸው ሕሙማን ካልተሰጣቸው የበለጠ ዕድሜ አላገኙም። ሻርክም ቢሆን ካንሰር ይይዘዋል፤ በራሱ በልም አጥንቱ ላይ ሳይቀር ዕጢ ተገኝቷል።

«ባሕር ሰፊ ነው፣ ዓሣው አያልቅም» የሚሉም አሉ። ሻርክ ግን እንደ ሌላው ዓሣ ቶሎ አይራባም። የግሪንላንድ ሻርክ ለመውለድ የሚደርሰው በ150 ዓመቱ ገደማ እንደሆነ ይገመታል። እኛ ደግሞ በክንፉ ለሚሠራው ሾርባ፣ ለሥጋው፣ ለቱና በተዘረጋ መንጠቆም ሳናስበው፣ በዓመት 100 ሚሊዮን ያህል እንገድላለን። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ1970 ወዲህ በክፍት ውቅያኖስ የሚኖሩት ሻርኮችና ሬይ የተባሉት ጠፍጣፋ ዘመዶቻቸው በ71 በመቶ ቀንሰዋል። ጉዳቱ በእነሱ ብቻ አይቆምም፦ በአውስትራሊያው ሻርክ ቤይ፣ ታይገር ሻርክን የሚፈሩት የባሕር ኤሊዎችና ዱጎንግ የተባሉት ሣር በል የባሕር አጥቢዎች አንድ ቦታ ላይ ተሰማርተው የባሕሩን ሣር አይጨርሱትም፤ ሻርኩ ከጠፋ ግን ሣሩም ለጥፋት ይጋለጣል።

«እንግዲህ አልቀዋል፣ ምን ይደረጋል» ማለትም ስሕተት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በአትላንቲክ ዳርቻዋ ነጭ ሻርክ መያዝን ከከለከለች ወዲህ፣ ቁጥሩ ቀስ በቀስ እያንሠራራ ነው።